ሰማያዊው ክር

ሸዋ ሮቢት
ረቡዕ፣ የካቲት 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሳምሪዬ፣ የኔ ልጅ፣

ጋሽ በቀለ ታመው ደብረ ብርሃን ተኝተዋል። ሳትደነግጪ አንብቢ። ጎናቸውን ይዘው ማቃሰት የጀመሩት የዛሬ ሁለት ሳምንት ነው። «ብርድ መቶኝ ነው» እያሉ ሰነበቱ። በሮቢት ሙቀት ብርድ መታኝ የሚል ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው። በኋላ ሲታዩ ለካ የኩላሊት ጠጠር ነው፤ የሽንታቸውን መንገድ ዘግቶት ኖሯል። ሰኞ ዕለት አንድ የግል ሐኪም ቤት ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው። እትዬ አበበች አብረዋቸው ናቸው። ማታውን ደውለው «ነቅቷል» አሉና ስልኩ ተቋረጠ፤ ከዚያ ወዲህ ወሬ የለኝም። ጠዋት ጠዋት ከግድግዳው ወዲያ የጋሽ በቀለን ሳል መስማት ለምጄ፣ አሁን ሰፈሩ ሁሉ የተለቀቀ ቤት መስሎኛል።

ልጃቸው ብሌን ደግሞ በዚሁ መሃል ወለደች። ወንድ ነው፣ ጸጉሩ እስከ ግንባሩ ድረስ ነው። አባቷ አልጋ ላይ፣ እናቷ እሳቸው ጋ፣ ስለዚህ አራሷን የያዝናት እኔና የሰፈሩ ሴቶች ነን። ሁዳዴ ገብቶ ሁላችንም ሽሮ ላይ ነን፤ ለእሷ ብቻ ቅቤ ሲነጠር ሽታው መንደሩን ያስኮርፋል።

ይህን ደብዳቤ የምትሰጥሽ ሊያ ናት፣ የፋርማሲዋ የፍሬሕይወት ልጅ። እሷም እንዳንቺ ዱባይ ሥራ አግኝታ ነገ ትበራለች። ለምን አልደወልሽም ትይኛለሽ። በስልክ አንቺ ቶሎ ቶሎ ታወሪያለሽ፣ እኔ «እሺ፣ እሺ» እላለሁ፣ ሲዘጋ እሺ ያልኩት ምን እንደሆነ አላውቀውም። ወረቀት ላይ ግን የሚያቋርጠኝ የለም።

የጋሽ በቀለ ሕመምና የኛ የማሾ ንግድ ምን አገናኛቸው እንዳትዪ። እዚያው ልደርስ ነው። በቀጥታ መድረስ ስላቃተኝ ነው ዞሬ የምመጣው፣ ታገሺኝ።

የገዛሽልኝ ታብሌት ደህና ነው። አልተሰበረም፣ አቧራ እንዳይገባውም ልብስ ሰፍቼለታለሁ። አንቺ በየቀኑ ዳታ እያበራሽ የመጋዘኑን ቁጥር ላኪ ብለሽኝ ሄድሽ። እዚህ ዳታው ሲሻው ይመጣል፣ ሲሻው ሳምንት ይጠፋል። ስለዚህ ሾፌሩ መስፍን ሽንኩርት ጭኖ ወደ ላይ ሲወጣ ታብሌቱን አሲዘዋለሁ። ጣርማ በርን አልፎ ደብረ ብርሃን ሲደርስ ያበራዋል፣ የኛ ቁጥር ይሄዳል፣ ያንቺ ይገባል፣ ሲመለስ ያመጣልኛል። ደህና ሲሆን በሁለተኛው ቀን፣ መንገድ ሲዘጋ በአምስተኛው። ባለፈው መስፍን «እትዬ እመቤት፣ ታብሌትዎ ከኔ እኩል አገር ዞሯል፣ አበል ይቆረጥለት» ብሎ አሳቀኝ። «አንተ ብቻ ሽንኩርቱ ላይ አትጫነው» አልኩት። እና አንቺ ዱባይ ሆነሽ የምታዪው መጋዘን የዛሬውን አይደለም፣ የሰሞኑን ነው። ይህን ሳልነግርሽ ቆየሁ፤ የገዛሽልኝ ዕቃ አልሠራም ያልኩሽ እንዳይመስልሽ ብዬ ነው።

ደግሞ ታብሌቱ የሚለውና ዓይኔ የሚያየው አልገጥም አለኝ። ስከፍተው አረንጓዴ ነው። ያ ያሳየሽኝ መስመር ሽቅብ ወጥቶ ጫፍ ሊነካ ምንም አልቀረውም። ትርፍ ይላል። መጋዘኑን ስከፍት ግን ወለሉ ፊት ለፊት ይታየኛል። ባንክ ስሄድ ደግሞ ልጅቷ የቀረውን በቁራጭ ወረቀት ጽፋ፣ ሰው እንዳያይብኝ አጣጥፋ ትሰጠኛለች። ማሾው የለም፣ ገንዘቡ የለም፣ ትርፉ ግን አለ። የት ነው ያለው ሳምሪ? እኔ ከስምንተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት፣ አንቺ ተምረሽበታል።

ግራ ሲገባኝ ለሙሀባ አሳየኋት። መቼም ማሾ ለቃሚዎቻችንን ሃያ ዓመት ስትመራ አንድ ጆንያ ተሳስታ አታውቅም።

«ወላሂ ያምራል» አለች። «ምንድን ነው እትዬ?»

«ትርፋችን ነው ይላል።»

«ታዲያ የኛን የጥር ደሞዝ ከዚህ ላይ ቆርጠው ይስጡና!»

ለቃሚዎቹ ሁሉ ሳቁ፣ እኔም ሳቅኩ። ደሞዛቸውን ግን እውነትም አልከፈልኩም ነበር።

አሁን ወደ ነገሩ ልምጣ። ጥር ላይ፣ ለጥምቀት መጥተሽ መጋዘኑን የቆጠርሽበትን ቀን አስታውሺ። ሦስት መቶ አሥር ኩንታል ማሾ ብለሽ አስገባሽ። ከዚያ ውስጥ ከፍለን የኛ ያደረግነው ዘጠና ስድስቱን ብቻ ነበር። የቀረው የገበሬዎቹ ነው። ኅዳር ላይ ሲወቁ ያመጡና በአደራ ያስቀምጡታል፤ ገንዘብ የሚያስፈልጋቸው ዕለት መጥተው በዚያ ቀን ገበያ ዋጋ ይቆርጡና ገንዘባቸውን ይወስዳሉ። ለልጅ ሠርግ፣ ለተዝካር፣ ለበሬ መግዣ። ልጅ ሆነሽ ከአባትሽ ጋር ሚዛኑ ሥር ስትጫወቺ ይህን ታውቂው ነበር፤ አገር ለአገር ስትዞሪ ተረሳሽ መሰለኝ። የሞላሽው ሰንጠረዥ ደግሞ የኛና የሰው ብሎ የሚለይበት ቦታ አልነበረውም። «በመጋዘን ያለ» ይላል፣ በቃ።

አጠገብሽ ቆሜ ነበር። ልናገር አፌን ስከፍት ድምሩ ወጣ። ፊትሽ በራ። «እማ፣ ይህን ያህል አቅም አለን እንዴ!» ብለሽ ሳቅሽ። አባትሽ ተፈራ ከሞተ ወዲህ እንደዚያ ስትስቂ አላየሁሽም። ዝም አልኩ። ቁጥር ነው፣ ማንን ይጎዳል ብዬ ዝም አልኩ።

በዚያው ሳምንት የገዛሽው የጆንያ መስፊያ ማሽን ሥራ ጀመረ። አባትሽ የእያንዳንዱን ገበሬ ጆንያ አፍ በየራሱ ክር ነበር የሚያሰፋው። የጋሽ በቀለ ሰማያዊ ነው፣ ከድሮም። ማንበብ የማይችለውም ሰው ከበር ላይ ሆኖ እህሉን ይለያል። ማሽኑ ሁሉንም በነጭ ክር እንደገና ሰፋው፣ ቁጥር ያለው ወረቀትም ተለጠፈ። ማማሩን አልክድም፤ ጆንያዎቹ የአንድ ትምህርት ቤት ተማሪዎች መሰሉ። ግን ከዚያ ወዲያ ስገባ የማን የማን እንደሆነ ጠፋኝ። ሁሉም የኛ መሰለኝ። ሰማያዊውን ክር ባየው ኖሮ ያደረግኩትን አላደርግም ነበር እላለሁ፤ ማን ያውቃል።

ጥር ሠላሳ ደወልሽ። «እማ፣ ሸጥኩልሽ! ሦስት መቶ አሥሩንም! ኩንታሉን በዘጠኝ ሺህ ስድስት መቶ!» የአዲስ አበባው ላኪ ድርጅት ሠላሳ በመቶ ቅድሚያ ከፍሏል፣ ቀሪውን ከተረከበ በአርባ አምስተኛው ቀን ይከፍላል፣ ካላስረከብን ቅጣት አለብን አልሽ። ውሉን እዚያው በስልክሽ ፈርመሻል።

«እማ፣ ትሰሚኛለሽ?»

«ይሰማኛል። ደስ ብሎኝ ነው» አልኩሽ።

ይኼ ሁለተኛው ዝምታዬ ነው። ስለዚህ ይህን ስታነቢ ጥፋቱን ወዳንቺ እንዳታዞሪው። አንቺ ያየሽውን ሸጥሽ። ያላሳየሁሽ እኔ ነኝ።

የካቲት ሦስት የላኪው መኪና ከነተሳቢው መጣ። እንዲህ አሰብኩ፦ የሰዎቹንም ልጫነው፣ በቅድሚያ ክፍያው ቅዳሜ ቅዳሜ ከገበያ እየገዛሁ እተካዋለሁ። ያኔ ገበያው ዘጠኝ ሺህ ነበርና ሂሳቡ ይወጣልኝ ነበር። ሙሀባ በሩ ላይ ቆማ «እትዬ፣ ይኼ የጋሽ በቀለም አለበት አይደል?» አለችኝ።

«እንተካዋለን» አልኳት።

«ኢንሻአላህ» አለችና ፊቷን አዞረች።

አልተተካም። ቅድሚያ ክፍያው ባንክ ሦስት ቀን አላደረም። ያ ከቻይና ያዘዝሽው፣ ማሾ በቀለም የሚለቅመው ማሽን ወሰደው። አራት ዓመት ዱባይ ለፍተሽ ያጠራቀምሽው መጀመሪያ የተከፈለበት፣ ቀሪው ካልተከፈለ ወረቀቱን አንለቅም ያሉበት። «እማ፣ የመጣውን ብር ለማሽኑ ላኪው፣ ማሾው እንደሆነ ተሸጧል» አልሽ፤ ላክሁት። ሦስተኛ ዝም አልኩ ማለት ነው፣ መቁጠሩንም ተውኩት። ማሽኑ ሞጆ ደረቅ ወደብ ደርሶ ቆመ። ዶላሩ ከተለቀቀ ወዲህ የትናንቱ ሂሳብ ለዛሬ አይሆንም፤ ቀረጡ ከገመትሽው በላይ መጣ። ቆሞ በዋለ ቁጥር ደግሞ ኪራይ ይቆጥራል።

ገበያውም ከዳኝ። ገበሬው ማሾውን ቤቱ ቆለፈበት። «ብሩ በየቀኑ እየቀለለ ማሾዬን ለምን በብር እለውጣለሁ?» ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው። ሁለት ቅዳሜ ወጣሁ። የቀረበው ጥቂት፣ ዋጋው አሥራ አንድ ሺህ አራት መቶ፣ በእጄ ምንም።

ስደምረው ይገባኛል፣ ደግሜ ስደምረው ይጠፋኛል። የሰው ማሾ በዘጠኝ ሺህ ስድስት መቶ ሸጠን ለባለቤቶቹ በአሥራ አንድ ሺህ አራት መቶ ልንከፍል ነው። ታብሌቱ ግን ባለቤቶች መኖራቸውን ስላልነገርነው አትርፋችኋል ይለኛል። ሳይነግሩት ከየት ያውቃል? የሚገርመኝ ግን፣ እኔ እያወቅኩ፣ አረንጓዴውን ባየሁ ቁጥር አንድ ደቂቃ ያህል አምነዋለሁ።

እንግዲህ አርብ ዕለት፣ የካቲት ሃያ አንድ፣ እትዬ አበበች መጋዘን መጡ። ጋሽ በቀለ አሥራ አራት ኩንታል ነበራቸው።

«እመቤት፣ ዋጋ ልንቆርጥ ነው» አሉኝ። «ጠጠር ነው አሉ። ማስያዣ ሳይከፈል አይነኩትም። ሰኞ ጠዋት ገንዘቡን ይዘን እንድንቀርብ ነው። ቢዘገይ ኩላሊቱ ይሞታል ብሎኛል ዶክተሩ።»

«በዛሬ ገበያ እንቆርጣለን እትዬ። ለአሥራ አራቱ መቶ ሃምሳ ዘጠኝ ሺህ ስድስት መቶ ይደርሳል።»

«አንቺ ካልሽ ልክ ነው» አሉ። አልደመሩም፣ ሰው አልጠየቁም። ከዚያ መቀነታቸውን ጠበቅ አድርገው ተነሡ። «በይ እፍኙን ስጪኝ። ክሩን ራሴ ልፍታው፣ ማሾውን ልይልህ ብዬዋለሁ።»

እፍኙን አልረሳሽውም መቼም። ዋጋ ሲቆረጥ ባለቤቱ የራሱን ጆንያ ከፍቶ አንድ እፍኝ ወደ ቤቱ ይወስዳል፤ ከዚያ በኋላ ነው እህሉ የኛ የሚሆነው። አባትሽ ይህ ሳይሆን ብር አይቆጥርም ነበር።

«ቁልፉ የለም» አልኩ። አፌ ነው የተናገረው። «የት እንዳስቀመጥኩት ጠፋኝ፤ ሳገኘው እፍኙን ቤት አመጣልዎታለሁ።»

ሙሀባ አጠገቤ ቆማለች። ቁልፉ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል። ቀስ ብላ ሻሿን ሳብ አደረገችና ሸፈነችው። ሃያ ዓመት ስትሠራልኝ እንዲህ ያለ ነገር አሠርቻት አላውቅም።

ያን ቀን ከሰዓት እፍኙን ከጓዳዬ ወሰድኩ። ለጾም ሾርባ ከአጣዬ ያስመጣሁት ማሾ ነበር፣ ጣሳ ውስጥ። በፌስታል ቋጥሬ ሰጠኋቸው። «እግዜር ይስጥሽ» አሉኝ።

ሁለት ቀን ነበረኝ። ላኪው ዘንድ ደወልኩ፤ ቀድማችሁ ክፈሉኝ፣ ከዋጋው ቀንሱ አልኳቸው። የሂሳብ ክፍሉ ሰው ትሁት ነው፤ «እናቴ፣ ውሉ አርባ አምስት ቀን ይላል፣ የፈረመችው ልጅዎ ናት» አለኝ። ባንክ ሄድኩ፤ ብድር ለጊዜው ቆሟል አሉኝ። የተማሩት ሰዎች ሁሉ አንድ ዓይነት ነገር በትሕትና ይነግሩኛል፣ እኔም እሺ ብዬ እወጣለሁ፣ በር ላይ ስደርስ ምን እንዳሉኝ ይጠፋኛል።

ቅዳሜ ሷሊሕ መጣ፣ የሰንበቴ ከተማው ማሾ ነጋዴ። የረመዳን የመጀመሪያው ቀን ነበር፤ እሱም ጿሚ፣ እኔም ጿሚ፣ ውኃ እንኳ መሃላችን ሳይቀርብ ተነጋገርን።

«እትዬ እመቤት፣ ያ ማሽን ሞጆ ላይ ተኝቶ ኪራይ እየበላዎት ነው። ወረቀቱን ወደኔ ያዙሩልኝ፣ ቀረጡንም ኪራዩንም እኔ እከፍላለሁ።»

«ስንት ትሰጠኛለህ?»

«ዘጠኝ መቶ ሺህ።»

«ልጄ መጀመሪያ የከፈለችው ብቻ ከዚያ ይበልጣል እኮ!»

«ይበልጣል። እሷ የከፈለችው ያለ ዕዳ ለሚመጣ ማሽን ነበር። እኔ ከነዕዳው ነው የምቀበለው።»

«ለረመዳን ብለህ ጨምር።»

«እርስዎም ለሁዳዴው ብለው ይቀንሱ» ብሎ ሳቀ። አንድ ሚሊዮን አንድ መቶ ሺህ ላይ ቆመ። ከዚያ ወዲያ ንቅንቅ አልል አለ።

ልጄ፣ ፈረምኩ። ጥር ላይ በሰጠሽኝ ውክልና፣ በስምሽ። ማሽኑን ሸጥኩት። ይህን አንድ መስመር ላለመጻፍ ነው ከጋሽ በቀለ ሳል ጀምሬ እስከዚህ የዞርኩት።

በስልክ ብጠይቅሽ እሺ ትዪኝ ነበር ብዬ አስባለሁ። ደግሞ እሺ ባትዪኝስ ብዬ አስባለሁ፤ ለዚያ ነው ያልጠየቅኩሽ። የአንድ ኪሎ ብርቱካን ዋጋ እያሰላሽ ሳትገዢ የምትመለሽባቸውን አራት ዓመታት ነው የሸጥኩት። አውቀዋለሁ። ጥዋት ስነሣ ልክ ሠራሁ እላለሁ፣ እኩለ ቀን ላይ ሌባ ነኝ እላለሁ። የሰው አደራ ለመመለስ የልጅን አደራ መብላት ምን ይባላል? አባትሽ መቃብር ድረስ ሄጄ ጠየቅኩት፤ ጧፍ አብርቼለት ተመለስኩ።

የጋሽ በቀለን ገንዘብ በዚያው ቅዳሜ ሰጠሁ። እትዬ አበበች ሲቀበሉኝ «የሳምራዊት እጅ ይባረክ፤ እሷ ከገባችበት ወዲህ ነው ማሾ እንዲህ ያወጣልን» አሉ። አሜን አልኩ። ሌላ ምን ልበል? ደግሞስ ውሸት ነው? የከፈለችላቸው አንቺ አይደለሽ?

ከዚያ ወዲህ አራት ገበሬዎች መጥተው ቆረጡ፣ ከፈልኩ። ለሙሀባና ለሴቶቹም የጥሩንም የየካቲቱንም ከፈልኩ። የተረፈው ባንክ ነው፣ ለመጪዎቹ። መጋቢት አሥራ ስምንት ላኪው ቀሪውን ካስገባ ለሁሉም ይደርሳል፤ ዋጋው ሌላ ካልጨመረ ማለቴ ነው፣ እሱን ደግሞ ማን ያውቃል። የሚተርፈው ያንቺ ነው፣ ትንሽ ነው። የጎደለሽን ቀስ ብዬ እመልሳለሁ። አትሳቂብኝ፣ ከልቤ ነው።

ሙሀባ ማሽኑ ይመጣል በተባለ ጊዜ «ያ ማሽን በቀለም ነው የሚለየው አሉ፤ እኔን ከየትኛው ጋር ይጥለኝ ይሆን?» ብላኝ ነበር፤ ያኔ ቀልድ መስሎኝ ነበር። መሸጡን በሰማች ማግሥት የድሮውን የክር ከረጢት ከየት እንዳገኘችው አላውቅም፣ አምጥታ ሚዛኑ ላይ አስቀመጠችው። አይጥ ነክቶታል እንጂ ቀለሙ አለ።

አንድ ነገር ልለምንሽ። ታብሌቱን አልጠላሁትም። ሰንጠረዡ ላይ አንድ ቦታ ጨምሪልኝ፤ «የሰው» የሚል። ጋሽ በቀለ፣ ሰማያዊ፣ ይህን ያህል ኩንታል ብዬ የማስገባበት። አረንጓዴ ማብራት ከቻለ ሰማያዊ ማብራት አያቅተውም አይደል? ደግሞ ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ ቁጥሩን እንዳታምኚ፣ መስፍን መንገድ ላይ ሊሆን ይችላል። ከመሸጥሽ በፊት ደውዪልኝ። እኔም ዝም አልልሽም፤ ደስ እያለሽም ቢሆን አቋርጥሻለሁ።

በይ፣ ሊያ ሻንጣዋን ልትዘጋ ነው። በርበሬውንና ሽሮውን በሁለት ላስቲክ አድርጌዋለሁ። የፈጠረሽ አምላክ በሰው አገር ሞገስ ይሁንሽ። በወጣሽበት ሁሉ ደግ ሰው ያጋጥምሽ። ተቆጥተሽኝም ቢሆን እህል ሳትቀምሺ አትደሪ። ያጠራቀምሽውን የወሰደች እናትሽን ፈጣሪ ዕድሜ ሰጥቷት መልሳ ስታስረክብሽ ለማየት ያብቃሽ።

ልፈርም ስል እትዬ አበበች ገቡ። ለጋሽ በቀለ ቅያሪ ልብስ ሊወስዱና የብሌንን ልጅ ሊያዩ ነው የመጡት፤ በመስፍን መኪና ነው የወረዱት። ሊያን በር ላይ እንድትጠብቀኝ ብያት ይህን ልጨምርልሽ።

ጋሽ በቀለ ተቀምጠዋል፣ ሾርባ ጠጥተዋል፣ ነርሷን ተቆጥተዋል፤ ስለዚህ ደህና ናቸው። እትዬ አበበች ይህን ሁሉ ቆመው ነው የነገሩኝ። ከዚያ ተቀመጡና ነጠላቸውን አስተካክለው እንዲህ አሉኝ፦

«እፍኙን ሰጠሁት። አልጋው ላይ ዘረጋው። በጣቱ አገላበጠ፣ አገላበጠ፣ አንዷን ነከሳት። ‹አበበች፣ ይኼ ከኛ ማሳ አይደለም› አለኝ።»

ብዕሩን ወረቀቱ ላይ አስቀመጥኩት።

«‹ታዲያ የማን ነው?› አልኩት» አሉ እትዬ አበበች። «ማሾውን መልሶ ቋጠረው። ‹በሙሉ ከፍላለች?› አለኝ። በሙሉ፣ በዕለቱ ገበያ አልኩት። ‹እንግዲያው እንዳትጠይቂያት› አለኝ። ስለዚህ አልጠየቅኩሽም።»

ዓይናቸውን ግን ከፊቴ ላይ አላነሡም። ይቅር ማለታቸው ነው፣ መገሠጻቸው ነው፣ ወይስ ዝም ብሎ ወሬ ነው? እስካሁን አልለየሁትም፤ አንቺ ካወቅሽው ጻፊልኝ። ልሸኛቸው ብነሣ አይሆንም አሉኝ። በሩ ላይ ሲደርሱ ዞር ብለው ደግሞ፣

«ለመጪው ኅዳር ሰማያዊውን ክር እንዳታጠፊው ብሎሻል» አሉኝ።

እናትሽ እመቤት